ባቴን ማን መታው?

እግሬ የተጎዳው በአንድ ቅጽበት ነው። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ሁሉ ያመጣው ግን አፌ ነው፤ ስለዚህ ይህን ሳወጋችሁ ጥፋቱን ሁሉ እግሬ ላይ አትጫኑት። ምስኪን እግር ነው። ሰባ ምናምን ዓመት ተሸክሞኛል፤ አንድም ቀን ስለ ሰው ክፉ አላወራም።

በዝግታ ልጀምር። መቸኮል ድሮም ልማዴ አይደለም። በደንብ የቸኮልኩት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ይኸው የምነግራችሁ ቀን ነው።

የምኖረው ኮንጋ፣ እንሰትና ቡና መሃል ነው። ከይርጋጨፌ ገበያ ወደ ቤቴ በእግሬ ብመጣ ደስ ይለኛል፤ ግን ሰው አይተወኝም። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ዕቃ አንጠልጥሎ በእግሩ ሲሄድ ከታየ «ልጆቹ የት ሄዱ?» ይባላል። ስለዚህ ለልጆቼ ስም ስል ሞተር ላይ እወጣለሁ። መውጣቱስ ደህና ነው፤ መውረዱ ነው ነገሩ። ሞተረኛው ያቆምና ሁለት እግሩን ይተክላል፤ አንድ እጁን በብብቴ ሥር ይሰዳል። መንገደኛ ሮጦ መጥቶ በሌላኛው ብብቴ ይገባል። አንዳንዴ ሦስተኛ ሰው ይደርስና የሚይዘው ቦታ ሲያጣ ባርኔጣዬን ይይዛል። እንዲህ ተደግፌ፣ ሁሉም «ቀስ! ቀስ!» እያለ፣ እግሬ መሬት መንካቱ ከተረጋገጠ በኋላ ይለቁኛል።

ጎረቤቴ በራሶ ይህን እያየ ዝም የሚል ሰው አይደለም።

በራሶ እኩያዬ ነው። የተወለድንበትን ቀን የጻፈልን ሰው የለም፤ እናቶቻችን ግን ያውቁት ነበር። እኔ ቡናው ሲለቀም፣ እሱ ቡናው ደርቆ ሲሰበሰብ ተወለድን። በዚህ ሒሳብ በጥቂት ሳምንታት እበልጠዋለሁ። ወጣት ሳለን ይህን ታላቅነት ሊነጥቀኝ ብዙ ታግሏል፤ ሥጋ ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚነሳው ታላቅ ነበርና። ጥርሳችን ካለቀ ወዲህ ግን ታላቅነቱን በሙሉ ልቡ ለቆልኛል። በእሱና በእኔ ጓሮ መካከል አጥር የለም። ጠዋት ጠዋት በእኔ እንሰት መሃል አቋርጦ ወደ መንገድ ሲወጣ ያስላል፤ እኔም ከውስጥ ሆኜ እስላለሁ። እሱ «አለህ?» ማለቱ ነው፣ እኔም «አለሁ» ማለቴ ነው። ከአርባ ዓመት በላይ እንዲህ ተሳስለናል።

እንግዲህ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ በራሶ በሰው ፊት፣ «እሱ እኮ ከሞተር አይወርድም፣ ይራገፋል» አለ። ይህን ብቻ ብሎ ቢተው ጥሩ ነበር። እጁን ዘርግቶ፣ ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ፣ ጀንፈል ቡና የሞላ ጆንያ ከሞተር ሲወርድ እንዴት እንደሚሆን በአካል አሳየ። መዘምራኑ ሳቁ። ፓስተሩ ፊቱን አዙሮ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ስደርስ ግን ያ ሳቅ ሆዴ ውስጥ ገብቶ ኮመጠጠ።

በሳምንቱ ገበያ ውዬ ጨውና አንድ ጠርሙስ ዘይት ይዤ በሞተር ስመለስ፣ እኛ መታጠፊያ ላይ ማንን ባይ ጥሩ ነው? በራሶ። ዱላውን ተደግፎ ቆሟል። አፉም ገና ከሩቅ ተከፍቷል።

«ይቆዩ አባባ፣ ልያዝዎት» አለ ሞተረኛው።

«ተወኝ!» አልኩና፣ ሞተሩ በቅጡ ሳይቆም እግሬን አሻግሬ ዘለልኩ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ አየር ላይ እያለሁ ደስ ብሎኝ ነበር። አየር ላይ ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር። መሬት ስነካ ወደ ሰባ ተመለስኩ፤ ያም ሆኖ አልወደቅኩም። ዘይቱም አልፈሰሰም። ኮራሁ። በራሶን እንዳላየ ሰው ኮስተር ብዬ ላልፍ አስቤ፣ ግራ እግሬን ገፋ አድርጌ አንድ እርምጃ ስጀምር፦ ጧ!

ባቴን ከኋላ በዱላ መቱኝ። ይህን ስላችሁ መስሎኝ አልነበረም፤ ዱላው ሲያርፍ ተሰምቶኛል። ዞር ስል ከኋላዬ ያለው በራሶ ነው። ዱላው ከመሬት ከፍ ብሏል። በኋላ «ሰላም ልልህ ነው ያነሳሁት» አለ፤ ያኔ ግን ለሰላም የተነሳ ዱላ አልመሰለኝም።

«መታኸኝ!» አልኩት።

«ምን?»

«ባቴን! በዱላ!»

በራሶ ቀልድ መሰለውና ሳቀ። «አዎ፣ ዝም ካላልክ እጨምርልሃለሁ» አለ።

መንገዱ ላይ ቁጭ አልኩ። ሰው ተሰበሰበ። አቮካዶ የምትሸጠው ሴትዮ ውሃ አፈሰሰችብኝ፤ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ሞተረኛው «እኔም ድምፁን ሰምቻለሁ፣ ጧ ብሏል» አለ። በራሶ መሳቁን ተወ። «ስማ፣ እኔ አልነካሁህም» አለኝ። እኔ ደግሞ፣ ሕመሙ ይሁን የእሑዱ ሳቅ፣ እግዜር ይወቀው፣ «ሰው ይመስክርልኝ! በሽማግሌ እንተያያለን!» ብዬ ጮህኩ። አፌ ነው አላልኳችሁም?

ነገራችን ሶንጎ ገባ። ሶንጎ ሽማግሌዎች ትልልቆቹ ዛፎች ሥር ተቀምጠው የሰው ጠብ የሚሰሙበት ቦታችን ነው። የመሃል ሰው ጋሽ ዱካሌ ነበሩ። ጋሽ ዱካሌ ነገር የሚሰሙት ዓይናቸውን ጨፍነው ነው፤ ይተኙ ይስሙ ለይቶ የሚያውቅ ሰው የለም። እኔን በሸክም አምጥተው ከዛፍ ግንድ ጋር አስደገፉኝ። በራሶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

«ምልክት አለህ?» አሉኝ ጋሽ ዱካሌ።

ሱሪዬን ሰበሰብኩ። በመጀመሪያው ቀን ምንም አልነበረም፤ በሦስተኛው ቀን ግን ቁርጭምጭሚቴ ላይ ልክ እንደ በሰለ የቡና ፍሬ ቀልቶ፣ ጠቁሮ፣ ዙሪያውን ወይን ጠጅ የመሰለ ነገር ወጥቶ ነበር። ለማስረጃነት እንዲህ ያለ ነገር ስለተሰጠኝ አምላኬን አመስግኜ ነበር፤ ይቅር ይበለኝ።

ጋሽ ዱካሌ አንድ ዓይናቸውን ከፈቱ። «ተመታሁ ያልከው ባትህን። የጠቆረው ቁርጭምጭሚትህ።»

«ወርዷል» አልኩ።

«ምኑ?»

«ምቱ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ምት ሲወርድ ሰምተው አያውቁም። ሞተረኛው ተጠራና ጧ ማለቱን መሰከረ። ሌላው ደግሞ በራሶ «አዎ፣ እጨምርልሃለሁ» ማለቱን መሰከረ። እንዲህ ሆኖ የበራሶ ቀልድ ቃል ሆኖ ተመዘገበበት።

በራሶ ሲጠየቅ ብዙ አልተናገረም። እኔን አየኝ እንጂ ሽማግሌዎቹን አላየም። «እኔ አልመታሁትም። ይህን ለእናንተ አይደለም የምናገረው፣ ለእሱ ነው። አልመታሁህም» አለ።

እዚያ ላይ «እሺ» ብል ነገሩ ያልቅ ነበር። አንዲት ቃል ናት። ነገር ግን ያን ሁሉ ሰው ሰብስቤ፣ በሸክም መጥቼ፣ ሱሪዬን ገልቤ፣ እንዴት «እሺ» እላለሁ? «ታዲያ ማን መታኝ?» አልኩ። በራሶ ተነሳ፣ ልብሱን አራገፈና ሄደ። ጋሽ ዱካሌም ነገሩን ለሌላ ቀን ቀጠሩት፤ ወይም እንቅልፋቸው መጣ።

ከማግስቱ ጀምሮ በራሶ በታችኛው መንገድ መሄድ ጀመረ። ሩቅ ነው፣ ጭቃ ነው፤ ግን በእኔ ጓሮ አያልፍም። ጠዋት ተነስቼ ብስልም የሚመልስ የለም። ሰው ሰምቶ «ሽማግሌው ብርድ ይዞታል» ብሎ ነጭ ሽንኩርት አመጣልኝ።

ሁለት ሳምንት ተኛሁ። ወጌሻ መጥቶ «ጅማትህ ዞሯል» አለና ወደ ቦታው ሊመልሰው በቅቤ አሸኝ። እንደጮህኩት ከሆነ በቅሎ ብትሰማኝ ማሰሪያዋን በጥሳ ትሄድ ነበር። አልተመለሰም፤ ጭራሽ ባቴ አበጠ። ጠያቂ ግን አልጠፋም፣ እግዜር ይስጣቸው። ልቀመጥ ስል ያነሱኛል፣ ልነሳ ስል ያስቀምጡኛል፤ ውሃ እንኳ ከንፈሬ ላይ ያደርሱልኛል። እጄን አልተመታሁም ብላቸውም አይሰሙም። የመጣው ሁሉ ደግሞ «በራሶ ግን እንዴት እንዲህ ያደርጋል?» ይላል። ይህን ስሰማ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም።

በመጨረሻ ዲላ የምትኖረው ልጄ ታደለች መጣች። ቅቤውን አሽትታ፣ ባቴን አይታ፣ «አባዬ፣ ነገ ዲላ ነህ» አለችኝ። ወሰደችኝም። አንዲት ነጭ ጋውን የለበሰች፣ ፊዚዮቴራፒ የምትባለውን ሥራ የምትሠራ ሴት ዘንድ አቀረበችኝ። ከታደለች ብታንስ እንጂ አትበልጥም። ባቴን በጣቷ ጫፍ ቀስ እያለች ዳሰሰች፤ አንድ ቦታ ላይ ጎድጎድ ያለ ነገር አገኘች መሰለኝ ቆመች።

«አባቴ፣ ሲጎዱ ድምፅ ሰምተው ነበር?»

«ጧ ብሏል።»

«ከኋላ ሰው የመታዎት መሰለዎት?»

«መሰለኝ አይደለም፣ ተመትቼ ነው።»

ፈገግ አለች። «ሁሉም እንዲያ ነው የሚሉት። የባት ጡንቻ ሲቀደድ ልክ በዱላ ወይም በድንጋይ የተመታ ያህል ነው የሚሰማው። አንድ አባት መጥተው ሚስታቸውን ከሰው ነበር፤ ሚስትየዋ ግን ያን ቀን ለቅሶ ሄደዋል።»

ታደለች አየችኝ። እኔ ግድግዳውን አየሁ።

«ቁርጭምጭሚቴስ? የጠቆረው?» አልኩ፣ በቀረችኝ ትንሽ ተስፋ።

«ደም ነው። ከላይ ይፈስና በቆዳው ሥር ወደ ታች ይወርዳል።»

ወርዷል ማለቴ ትክክል ነበር ማለት ነው። ከተናገርኩት ሁሉ ልክ የሆነችው ይህች ብቻ ነች፤ እሷም ለበራሶ ነበር መመስከር የነበረባት።

ሴትየዋ ትዕግሥተኛ ነች። እኔ እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ እንደተማርኩ ስነግራት ወንበሯን አቀረበችና በደንብ አስረዳችኝ። ጡንቻ ማለት ጎን ለጎን የታሰሩ እልፍ ክሮች ናቸው አለች። የእኔ ጥቂቱ ተበጥሷል።

«ታዲያ ማን ይቀጥለዋል? ይሰፋል?»

«አይሰፋም፤ ራሱን ነው የሚጠግነው። መጀመሪያ የሞተውን የሚጠርጉ ይመጣሉ። ከዚያ ደግሞ በየክሩ ጎን ተኝተው የሚጠብቁ በዓይን የማይታዩ ሕዋሳት አሉ። ጉዳት ሲደርስ ይነቃሉ፣ ይባዛሉ፣ ከተጎዳው ክር ጋር ተዋህደው ይሞሉታል።»

«ተኝተው ነው የሚጠብቁት?»

«አዎ፣ ዓመታት ሙሉ ሊተኙ ይችላሉ።»

ጋሽ ዱካሌ ትዝ አሉኝ።

«በእኔ ዕድሜም ይነቃሉ?»

«ቁጥራቸው ይቀንሳል፣ ጥሪውም ቶሎ አይሰማቸውም። ግን ይነሳሉ አባቴ። ጊዜ ይስጧቸው።»

ይህ ነገር በጣም ገባኝ። የደቦ ጥሪ ማለት ነው። ወጣት ሳለሁ ባቴ «ኡ» ሲል መቆፈሪያቸውን ይዘው በሩጫ ይመጡ ነበር። አሁን ግን የተጠራው ሰው መጀመሪያ «ማነው የሚጠራው?» ይላል። ከዚያ ምርኩዙን ይፈልጋል። አንዱ ዝናቡ ያባራ ይላል። ሌላው እስከ መንገድ ከመጣ በኋላ ለምን እንደመጣ ይረሳል። ግን ይመጣሉ። መጥተውም በቀስታ ይሠራሉ፤ እኔ ራሴ በቀስታ የምሠራ ሰው ስለሆንኩ በዚህ አልተቀየምኳቸውም።

ደግሞ አለች፦ በዕድሜ ቀድመው የሚሳሱት ለመዝለልና ለመሮጥ የሚያገለግሉት ፈጣኖቹ ክሮች ናቸው፤ ለረጅም መንገድ የሚያገለግሉት ዝግተኞቹ ይቆያሉ።

«እንግዲያው ቀስ እያልኩ ገደብ ከተማ ድረስ በእግሬ መሄድ እችላለሁ፣ ከሞተር መዝለል ግን አልችልም?»

«ከሚሄድ ሞተር እኔም አልዘልም» አለች።

ከዚያ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝና «እጅዎን ሳይጠቀሙ ይነሱ» አለችኝ። ቀላል ነገር ነው ብዬ ግራና ቀኝ አየሁ። ማን እንደሚያነሳኝ እየፈለግኩ መሆኔ የገባኝ ያኔ ነው። ሞከርኩ፤ ወንበሩ አለቀቀኝም። እንደገና ሞከርኩ። ታደለች ብድግ ብላ ወደ ብብቴ ስትመጣ ሴትየዋ «ተያቸው! አትንኪያቸው!» አለቻት። ልጄ ቀልታ ተቀመጠች፤ አባት ወንበር ላይ እየታገለ ቁጭ ብሎ ማየት በእኛ አገር ነውር ነው። በሦስተኛው ተነሳሁ። ጉልበቴ እንደ ኮባ ቅጠል ተንቀጠቀጠ።

ጭኖቼን በሜትር ለክታ ራሷን ነቀነቀች። «ባትዎ ይድናል። እኔን ያሳሰበኝ ጭንዎ ነው። ሁለት ሳምንት በመተኛትዎ ሳስቷል። ከዚያ በፊትስ ማን ነበር የሚያነሳዎት?»

«ሁሉም» አልኩ።

«እሱ ነው የጎዳዎት። የማይሠራ ጡንቻ ይሄዳል፤ በእርስዎ ዕድሜ ደግሞ ፈጥኖ ይሄዳል። ቢሠራ ግን አሁንም ይመለሳል።»

አያችሁት? ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ሲያከብረኝ ጡንቻዬ እየተበላ ኖሯል። ማንንም መክሰስ አልችልም፤ የመክሰስ ነገር ደግሞ ይቅርብኝ።

ትእዛዟ ይህ ነው፦ በጉልበቴ ልክ ከሆነ ጠንካራ መቀመጫ ላይ፣ እጄን ሳልጠቀም፣ አስር ጊዜ መነሳትና መቀመጥ። ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ። ሰው አይንካኝ። ታደለችም በስልክ «ሠራህ?» እያለች እንድትጠይቀኝ ቃል አስገባቻት። እኔ ደግሞ ልጄን መዋሸት አልችልም፤ ለውሸት የተመደበልኝን ሶንጎ ላይ ጨርሻለሁ።

ኮንጋ ስመለስ መጀመሪያ ያደረግኩት ጋሽ ዱካሌን ወደ በራሶ መላክ ነው። «ሐኪም አይታኝ፣ ማንም እንዳልመታኝ ነግራኛለች፣ ይቅር በለኝ በሉልኝ» አልኩ። ጋሽ ዱካሌ ሄደው ተመለሱ። መልሱን ሲነግሩኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱንም ዓይናቸውን ከፍተው ነበር።

«‹ሐኪሟን ያወቃት አንድ ቀን ነው፤ አመናት። እኔን ከአርባ ዓመት በላይ ያውቀኛል። ሂድና ከእሷ ጋር ጎረቤት ሁን በሉት› ብሏል።»

በራሶ የተቀየመው በክሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዴት ጥሩ ነበር! ዝናብ በመጣ ቁጥር በታችኛው መንገድ ጭቃ ውስጥ እየዳከረ ሲያልፍ ከሩቅ አየው ነበር። እዚያ መንገድ ላይ ወድቆ ቢሰበርስ? እዚያ የላከው የእኔ አፍ ነው።

እንዲህ እያለን የመንደራችን እማማ ማርታ አረፉ። ዕድሜ ጠግበው፣ የልጅ ልጅ ልጅ አይተው ነው የሄዱት፤ ነፍሳቸውን ይማር። የእድሩ ድንኳን ተተከለና ወንዶቹ ለቅሶ ተቀመጥን። በለቅሶ ደግሞ ሽማግሌ እንደፈለገው አይቀመጥም፤ ክብር አለ። እኔን እየመሩ ወስደው ከጋሽ ዱካሌ ጎን፣ ፊት ለፊት ባለው ረጅም አግዳሚ ላይ አስቀመጡኝ። በራሶንም እየመሩ አምጥተው፣ በክብር፣ ፊት ለፊቴ አስቀመጡት። ጉልበታችን ሊነካካ ምንም አልቀረው። እሱ የእኔን ባርኔጣ፣ እኔ የእሱን ዱላ እያየን ተቀመጥን።

ቀትር ሆነ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ፤ ታደለች ናት። የቀትሯ አስር ቀርታለች። ወደ ቤት እንዳልሄድ ከለቅሶ መሃል ተነስቶ መሄድ ደስ አይልም። የእድሩ አግዳሚ ደግሞ ልክ እንደታዘዘው ከጉልበቴ እኩል ነው፤ ቤቴ ያለው በርጩማ ዝቅ ይላል። ከዚያ አንድ ብልጠት መጣልኝ። ድንኳን ውስጥ ሰው በገባ ቁጥር ሁላችንም ተነስተን «ኖር!» እንል የለ? እግዚአብሔር ይስጣቸውና ለቀስተኞች አስር ጊዜ ቢገቡ፣ ማንም ሳያውቅ የእኔ አስር ይሞላል!

ሰው ገባ፤ «ኖር!» ተነሳሁ፣ አንድ። ሌላ ገባ፤ ሁለት። የይርጋጨፌ ዘመዶች ገቡ፤ ሦስት። ከዚያ ለቀስተኛው ቆመ። ጠበቅኩ። ማንም የለም። ሰባት ይቀረኛል፤ ስልኬ ደግሞ እንደገና ተንቀጠቀጠ። ምን ይደረግ? ተነሳሁ።

ሽማግሌ ሲነሳ ማን ይቀመጣል? ድንኳኑ በሙሉ ብድግ አለ። «ኖር!» አሉ፤ ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። በሩ ላይ አንዲት ዶሮ ቆማለች። ዶሮዋ አንገቷን አዘንብላ አየችን። ተቀመጥን። አራት።

አምስት ስል ጋሽ ዱካሌ እጄን ያዙ። «ልትሄድ ነው? ቆይ እንጂ፣ ንፍሮው እየመጣ ነው።»

«አልሄድም ጋሼ» ብዬ ተቀመጥኩ።

ስድስት ስል ከኋላ አንዱ «ዝም በሉ፣ ሊናገር ነው» አለ። ድንኳኑ ጸጥ አለ። ሳል እንኳ ጠፋ። ምንም ሳልናገር ተቀመጥኩ። አንዲት ሴት ከውጭ «ምን አሉ?» ስትል ሰማሁ። «ኀዘኑ ከብዷቸው መናገር አቃታቸው» አላት አንዱ።

በሰባተኛው ላይ ሕዝቡ ሰለቸው፤ ብዙዎቹ ወገባቸውን ነቅነቅ አድርገው ተዉት። በራሶ ግን ተነሳ። በራሶ ሁልጊዜም ተነሥቷል። በጥቂት ሳምንታት ታላቁ ነኝ፣ ፊት ለፊቱ ነኝ፤ ቁጭ ብሎ ቢቀር «ከተጣሉ ወዲህ ሥርዓቱንም ጣለ» ሊባል ነው። በደሉ የእኔ ብቻ ሆኖ እንዲቀር የፈለገ ሰው ነው። ስለዚህ ዓይኑን አፍጥጦብኝ፣ እኔ ስነሳ ይነሳል፣ ስቀመጥ ይቀመጣል። ስምንተኛው ላይ አላስቻለውም።

«አንተ ሰው፣ ምን ሆነሃል?»

ከስንት ሳምንት በኋላ ያናገረኝ የመጀመሪያው ቃል ነው። የወጣልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ስምንት» አልኩት።

«ምኑ ነው ስምንት?»

«ሐኪሟ ናት ያዘዘችኝ። አስር ጊዜ ተነሳ፣ ተቀመጥ፣ እጅ አይፈቀድም ብላለች። ጡንቻዬ ስላለቀ።»

«እኔንስ ማን አዘዘኝ?»

«ታናሽነትህ።»

አፍንጫው ሲነፋ አየሁ። ሳቅ ይሁን ንዴት አልለየሁም። ዘጠኝ ብዬ ተነሳሁ። በራሶ ሊነሳ ሲል ግን ቀረ። ግማሽ ላይ ደርሶ ተመለሰ። እንደገና ሞከረ፤ አግዳሚው አለቀቀውም። ፊቱ ላይ ያየሁት ያን ቀን ዲላ እኔ ፊት ላይ የነበረውን ነው፤ ግራና ቀኝ ሰው ይፈልጋል። ሁለት ሰዎች ሊያነሱት ሲንደረደሩ እኔ ቀድሜ እጄን ዘረጋሁ።

«ወዲያ በል!» አለኝ። «እጅ አይፈቀድም አላልክም?» ሰዎቹንም በዱላው ጫፍ መለሳቸው። አጎንብሶ፣ ተነፈሰና በገዛ ጭኑ ተነሳ። ቆመ። ሁለታችንም ቆመን ተንቀጠቀጥን። አስረኛውን አብረን ተቀምጠን አብረን ተነሳን፤ ማንም ማንንም አልጠበቀም። ከዚያ አግዳሚው ላይ ተዘረርን።

በራሶ ትንፋሹ ሲመለስለት፣ «እግርህ ዳነ?» አለ።

«እየዳነ ነው። ቀስ እያለ።»

«ሐኪሟ ነች እንግዲህ፣ አለመምታቴን የነገረችህ።»

«አዎ።»

«እኔስ ስነግርህ?»

ለዚህ መልስ ተቀምጦ አይሰጥም። ተነሳሁ። አስራ አንደኛው ነው፤ በሐኪሟ ትእዛዝ ውስጥ የለም፤ ለእግሬም አልነበረም። ባርኔጣዬን አወለቅኩ።

«በራሶ፣ አንተ አልመታኸኝም። አሁን የምለው ሐኪም ስላለች አይደለም። ሶንጎ ላይ ‹አልመታሁህም› ስትለኝ እውነት መሆኑን አውቄዋለሁ። ያን ሁሉ ሰው ሰብስቤ ስለነበር አፈርኩና ዋጥኩት። ይቅር በለኝ።»

ይህን እንዳልኩ ድንኳኑ በሙሉ፣ ከፊት እስከ ኋላ፣ ብድግ አለ። ጋሽ ዱካሌ እንኳ ተነሱ። ለይቅርታዬ የቆመ ሕዝብ! ልቤ ሞላ፤ እንባዬ መጣ። «እግዚአብሔር ያክብርልኝ» ልል ዞር ስል፣ ከኋላዬ ፓስተሩ መጽሐፍ ቅዱሱን ይዞ እየገባ ነው። «ኖር!» አለ ሕዝቡ። «በእግዚአብሔር» አለ ፓስተሩ፤ ከዚያም ማንንም ሳያስቀምጥ «እንጸልይ» አለ።

የእኛ ፓስተር ጸሎት አጭር አይደለም። የሟችን ልጆች በየስማቸው ይጠራል፣ አገር ይባርካል፣ ለዝናቡ ያመሰግናል፣ ለቡናው ይለምናል። በራሶ ይቅርታዬን ይቀበል አይቀበል ሳላውቅ፣ ፊት ለፊቱ አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። ቡናው ላይ ስንደርስ አንገቱን ወደ እኔ ሰገግ አደረገ፤ አንድ ዓይኑን ከፍቷል።

«ስማ» አለኝ በሹክሹክታ። «እንዲሁ መቆሙስ ይቆጠራል?»

«እኔ እንጃ። ዲላ ስሄድ እጠይቃታለሁ።»

«አብረን እንጠይቃታለን» አለና ዓይኑን ጨፈነ።